ጭራው የት ይንጠልጠል? የጀርመንኛ ቅጽልና ስም በአንባቢያን ጥያቄ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ በጀርመንኛ የአርቲክል (ከስም በፊት የሚቆሙት እንደ «ዴር» እና «አይን» ያሉ ቃላት)፣ የቅጽልና የስም መጨረሻ ለምን እንዲህ ይለዋወጣል የሚል። የጀርመንኛውን ቃል እንደሚነገረው በፊደላችን ጽፈነዋል። ጭራዎቹን «-ኧ»፣ «-ኧን»፣ «-ኧር»፣ «-ኧስ»፣ «-ኧም» ብለናቸዋል። ይቺ «ኧ» በላቲን ስትጻፍ ጀርመኖች «ኤ» የሚሏት ፊደል ናት፤ በቃል መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ስለሚላላ ነው በግዕዙ ቤት የጻፍናት።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ ላይ የቅጽል ጭራ ሦስት ሠንጠረዥ አለው፤ እያንዳንዱ 16 ሳጥን። 48ቱን በቃሌ ለመያዝ ሞክሬ አልሆነልኝም። አቋራጭ የለውም?

አለው። መጀመሪያ ግን ሳጥኖቹን ይቁጠሯቸው። በ48ቱ ውስጥ ያሉት ጭራዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ -ኧን 26 ጊዜ፣ -ኧ 11 ጊዜ፣ -ኧር 5 ጊዜ፣ -ኧስ 4 ጊዜ፣ -ኧም 2 ጊዜ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንድ ጭራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው -ኧን የማይሆንባቸውን ቦታዎች ለይቶ ማወቅ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። «ትልቁን ውሻ አየሁ» ስንል «ኡ»ም «ን»ም የተንጠለጠሉት ቅጽሉ ላይ ነው፤ «ውሻ» ባዶውን ቀርቷል። ቅጽሉን ስናወጣው «ውሻውን አየሁ» ይሆናል፤ ምልክቱ ወደ ስሙ ተሻገረ። «ትልቅ ውሻውን አየሁ» ቢባል ግን ጆሯችን አይቀበለውም። ምልክቱ ከፊት ባለው ቃል ላይ አንዴ ከታየ ይበቃል።

የጀርመንኛውም ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ምልክቱ የጾታ፣ የቁጥርና የሙያ ነው (ጀርመኖች ሙያውን ካዙስ ይሉታል፤ ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት (ኖሚናቲቭ) ነው፣ ተሳቢ (አኩዛቲቭ) ነው፣ ተቀባይ (ዳቲቭ) ነው ወይስ አገናዛቢ (ጌኒቲቭ))። አርቲክሉ ምልክቱን ከያዘ ቅጽሉ ያርፋል። አርቲክሉ ከሌለ ወይም ባዶ ከሆነ ሸክሙ ወደ ቅጽሉ ይዞራል።

በአንድ ውሻ እንየው። «ዴር ክላይነ ሁንት» ማለት ትንሹ ውሻ ነው። ተባዕታይ ባለቤት መሆኑን «ዴር» ተናግሯል፤ ቅጽሉ በ-ኧ ዐረፈ። «አይን ክላይነር ሁንት» ማለት ደግሞ አንድ ትንሽ ውሻ ነው። «አይን» ጾታ አይናገርም፤ ለግዑዝ ጾታም ያው «አይን» ነውና። በ«ዴር» ላይ የነበረችው «ር» ወደ ቅጽሉ መጣችና «ክላይነር» ሆነ። ውሃውም እንደዚሁ ነው፤ «ዳስ ካልተ ቫሰር» ይባላል፤ አርቲክል ሲጠፋ «ካልተስ ቫሰር» ይሆናል፤ «ስ»ዋ ከ«ዳስ» ወደ ቅጽሉ ዞረች። ዳቲቭ ሲሆን «ሚት ዴም ካልተን ቫሰር»፤ አርቲክሉን ስንተወው «ሚት ካልተም ቫሰር»። «ም»ዋ የት እንደሄደች ይመልከቱ።

ስለዚህ በቃል መያዝ ያለበት የአርቲክሉ ዝርዝር ነው። በኖሚናቲቭ፣ አኩዛቲቭ፣ ዳቲቭ፣ ጌኒቲቭ ቅደም ተከተል ተባዕታይ ዴር፣ ዴን፣ ዴም፣ ዴስ ነው፤ አንስታይ ዲ፣ ዲ፣ ዴር፣ ዴር፤ ግዑዝ ዳስ፣ ዳስ፣ ዴም፣ ዴስ፤ ብዙ ቁጥር ዲ፣ ዲ፣ ዴን፣ ዴር።

«አይን» (እንዲሁም «ካይን»፣ «ማይን» እና ቤተሰቦቻቸው) ጭራ የሚያጣባቸው ቦታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተባዕታይ ኖሚናቲቭ፣ ግዑዝ ኖሚናቲቭና ግዑዝ አኩዛቲቭ። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ቅጽሉ ይሸከማል፤ «ጉተር»፣ «ጉተስ»፣ «ጉተስ»።

ቅጽሉ በሚያርፍበት ጊዜስ -ኧ ነው ወይስ -ኧን? መለያው ቀላል ነው። አርቲክሉ መዝገበ ቃላት ላይ ካለው መልኩ ከተለወጠ ወይም ስሙ ብዙ ቁጥር ከሆነ -ኧን፤ ካልተለወጠ -ኧ። «ዲ ፍራው» በአኩዛቲቭም «ዲ» ስለሆነች «ዲ ጉተ ፍራው» እንዳለች ትቀራለች። በዳቲቭ «ዴር» ስትሆን ግን «ሚት ዴር ጉተን ፍራው» ይባላል። «ዴን»፣ «ዴም»፣ «ዴስ»፣ «አይነን»፣ «አይነም»፣ «አይነር»፣ «አይነስ» ሲያዩ ሳያመነቱ -ኧን ያድርጉ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ «ዴር» ላይ ነው፤ የአንስታይ ዳቲቭ «ዴር»ን ከተባዕታይ ኖሚናቲቭ ጋር ያምታታና «ሚት ዴር ጉተ ፍራው» ይላል።

አንድ ያፈነገጠ ነገር አለ። አርቲክል በሌለበት ጌኒቲቭ፣ በተባዕታይና በግዑዝ ጾታ፣ ቅጽሉ -ኧስ መያዝ ሲገባው -ኧን ይይዛል፤ «ዴር ገሽማክ ጉተን ቫይንስ» (የጥሩ ወይን ጠጅ ጣዕም)። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስሙ ራሱ መጨረሻው ላይ «ስ» አለው። ምልክቱ ከታየ ቅጽሉ ማረፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ኢም ካልተም ቫሰር» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። አርቲክል ስለሌለ ቅጽሉ «ም» መያዝ የለበትም ወይ?

አርቲክሉ አለ፤ ተሸሽጎ ነው። «ኢም» የ«ኢን» እና የ«ዴም» ቅልቅል ነው፤ «ም»ዋ እዚያው ናት። ስለዚህ «ኢም ካልተን ቫሰር» ነው ትክክሉ። «ኢንስ» የ«ኢን ዳስ»፣ «ፎም» የ«ፎን ዴም»፣ «ባይም» የ«ባይ ዴም» ምጥን ናቸው። ቅጽል ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን በሐሳብዎ ይተርትሯቸው። በነገራችን ላይ «ኢንስ ካልተ ቫሰር» ሲሆን ወደ ቀዝቃዛው ውሃ መግባት ነው (አኩዛቲቭ)፤ «ኢም ካልተን ቫሰር» ሲሆን በውሃው ውስጥ መሆን ነው (ዳቲቭ)። እንዲህ በእንቅስቃሴና በመገኛ መካከል የሚዋልሉት መስተዋድዶች ዘጠኝ ናቸው፤ አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ኢውበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ትስቪሸን።

የዚህ ወጥመድ ግልባጭም አለ። «ኡንዘር» (የእኛ) በ«ር» ስለሚያልቅ ጭራ ያለው ይመስላል፤ ያቺ «ር» ግን የግንዱ አካል እንጂ ጭራ አይደለችም። ስለዚህ «ኡንዘር ጉተር ፍሮይንት» ይባላል፤ «ኡንዘር ጉተ ፍሮይንት» ስሕተት ነው። «ኦየር» (የእናንተ)ም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ «ኢኽ ሃበ አይን ብሩደር» ስል መምህሬ ሁልጊዜ «አይነን» ብላ ታርመኛለች። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ግን አይመጣም። ለምን?

አማርኛዎ እየጎተተዎት ነው። «ወንድም አለኝ» ስንል የግሱ ባለቤት ወንድምየው ነው። ማስረጃው ደግሞ «እህት አለችኝ» ነው፤ ግሱ ከእህት ጋር ጾታውን ቀየረ። እኛ «አለኝ» ውስጥ ባለችው «-ኝ» ብቻ ነው የምንታየው። በጀርመንኛ ግን ባለቤቱ «ኢኽ» ነው፤ ወንድም ተሳቢ ሆኗል፣ ስለዚህ «አይነን ብሩደር»። ከጭንቅላትዎ «አለኝ»ን አውጥተው «ያዝኩ» ብለው ቢያስቡት ይቀላል። «ኤስ ጊብት»ም ያው ነው፤ «ጥሩ ምክንያት አለ» ሲል ባለቤት የሚመስለው ቃል በጀርመንኛ ተሳቢ ይሆናል፤ «ኤስ ጊብት አይነን ጉተን ግሩንት»። በተቃራኒው «ኢስት» (ነው) ተሳቢ የለውም፤ «ዳስ ኢስት አይን ጉተር ሌረር»። «አይነን ጉተን ሌረር» ብሎ መጻፍ ደንቡን ከልክ በላይ መጠቀም ነው።

ሁለተኛው ጎታች «ን» ናት። በአማርኛ «ን» የሚመጣው የታወቀ ነገር ላይ ነው፤ «ጠረጴዛውን ገዛሁ» እንላለን፤ ያልታወቀ ሲሆን ግን «ጠረጴዛ ገዛሁ» ብለን እንተወዋለን። ጀርመንኛ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ «ዴን ቲሽ»ም «አይነን ቲሽ»ም ምልክት አላቸው። መጽናኛው፣ በአኩዛቲቭ መልክ የሚለወጠው ተባዕታይ ነጠላ ብቻ ነው። አንስታይ፣ ግዑዝና ብዙ ቁጥር ኖሚናቲቫቸውን ይዘው ይቀጥላሉ።

ግሶችም ያደናግራሉ። «ረዳሁት»፣ «አመሰገንኩት»፣ «ተከተልኩት» ስንል በ«ን» የምንጠራውን ሰው ጀርመንኛ በዳቲቭ ይጠራዋል፤ «ኢኽ ሄልፈ ዴም አልተን ማን»፣ «ኢኽ ዳንከ ዴም አልተን ማን»፣ «ኢኽ ፎልገ ዴም አልተን ማን»። «ደወልኩለት» ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ «-ለት» ስለምንል ዳቲቭ ይመስለናል፤ «አንሩፈን» የሚፈልገው አኩዛቲቭ ነው፤ «ኢኽ ሩፈ ዴን አልተን ፍሮይንት አን»። «መጽሐፉ ደስ አለኝ» እና «ዳስ ቡኽ ገፌልት ሚር» ግን ይስማማሉ፤ በሁለቱም መጽሐፉ ባለቤት፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ግስ ጋር «ዳቲቭ» የሚል ምልክት አብረው ይጻፉበት፤ ከትርጉም ተነሥቶ መገመት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ በጀርመንኛ ስም ራሱ አይለወጥም ተብዬ ነበር። ታዲያ «ዴም ሽቱደንተን» ምን ማለት ነው? አንድ ተማሪ ነው ወይስ ብዙ?

አንድ ነው። «ዴም» ነጠላ ብቻ ነውና። «ስም አይለወጥም» የሚለው ለአንስታይ ነጠላ እውነት ነው፤ ለሌላው ግን አይደለም። ስም የሚለወጥባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ጌኒቲቭ ነው። ተባዕታይና ግዑዝ ስሞች «-ስ» ወይም «-ኧስ» ይጨምራሉ። በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩ አጫጭር ቃላት ብዙውን ጊዜ «-ኧስ» ይመርጣሉ፤ «ዴስ ማነስ»፣ «ዴስ ኪንደስ»። ረዘም ያሉት በ«-ስ» ይጨርሳሉ፤ «ዴስ ሌረርስ»። ቃሉ ራሱ በ«ስ» ድምፅ ካለቀ «-ኧስ» ግዴታ ነው፤ ያለ «ኧ» መናገር ስለማይቻል «ዴስ ሃውዘስ» ይባላል።

ሁለተኛው ዳቲቭ ብዙ ቁጥር ነው። ስሙ «-ን» ይጨምራል፤ «ሚት ዴን ኪንደርን»፣ «ሚት ዴን ፍሮይንደን»። ብዙ ቁጥሩ ቀድሞውኑ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ አይጨምርም፤ «ሚት ዴን ፍራወን»፣ «ሚት ዴን አውቶስ»። ይቺን «ን» መርሳት የተለመደ የጽሑፍ ስሕተት ነው። ምክንያቱም ተማሪው ጭራውን አርቲክሉና ቅጽሉ ላይ በትክክል ካስቀመጠ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሦስተኛው የርስዎ ጥያቄ ነው፤ ኤን-ዴክሊናትስዮን ይባላል። በዚህ ክፍል ያሉ ተባዕታይ ስሞች ከኖሚናቲቭ ነጠላ በስተቀር በሁሉም ቦታ «-ን» ወይም «-ኧን» ይይዛሉ፤ «ዴር ሽቱደንት»፣ «ዴን ሽቱደንተን»፣ «ዴም ሽቱደንተን»፣ «ዴስ ሽቱደንተን»። በጌኒቲቭም «ስ» አይገባባቸውም። አባላቱን በሦስት መንገድ መለየት ይቻላል። ሰውን ወይም እንስሳን የሚጠሩና በ«ኧ» የሚያልቁ ተባዕታይ ስሞች (ኮሌገ፣ ዩንገ፣ ኩንደ)፤ በ«-ኤንት»፣ «-አንት»፣ «-ኢስት» የሚያልቁ የሰው መጠሪያዎች (ፕሬዚደንት፣ ዡርናሊስት)፤ በቃል የሚያዙ ጥቂት አጫጭር ቃላት (መንሽ፣ ሄር፣ ናኽባር፣ ቤር)። «ኬዘ» (አይብ) በ«ኧ» ቢያልቅም፣ ተባዕታይም ቢሆን እዚህ አይገባም። በ«-ኦር» የሚያልቁትም («ዶክቶር»፣ «ፕሮፌሶር») ብዙ ቁጥራቸው በ«-ኧን» ስለሆነ ያሳስታሉ፤ በነጠላ ግን እንደ ተራ ስም ናቸው፤ «ዴም ፕሮፌሶር»።

«ሄር» ትንሽ ይለያል፤ በነጠላ «ሄርን»፣ በብዙ «ሄረን»። በፖስታ ላይ ከሰው ስም በፊት «ሄርን» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ «ለአቶ እገሌ» የሚል ስውር አኩዛቲቭ አለው። «ናመ» (ስም)፣ «ገዳንከ» (ሐሳብ) እና «ቡኽሽታበ» (ፊደል) ደግሞ በጌኒቲቭ ሁለቱንም ይደርባሉ፤ «ዴስ ናመንስ»። «ሄርትስ» (ልብ) ግዑዝ ሆኖ እዚህ ቤት የገባ ብቸኛ እንግዳ ነው፤ አኩዛቲቩ አይለወጥም፤ ዳቲቩ «ዴም ሄርትሰን»፣ ጌኒቲቩ «ዴስ ሄርትሰንስ»።

በንግግር «ዴም ሽቱደንት» የሚል ጀርመናዊ ሊሰሙ ይችላሉ። በጽሑፍ ግን እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ «ፊለ ጉተ ፍሮይንደ» ይባላል፤ «አለ ጉተን ፍሮይንደ» ይባላል። «ፊለ»ም «አለ»ም በ«ኧ» ያልቃሉ፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

«አለ» (ሁሉም) እንደ አርቲክል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቅጽሉ ያርፋል፣ ብዙ ቁጥር ስለሆነም -ኧን። «ዲዘ»፣ «ካይነ»፣ «ማይነ» እና «ባይደ» ከእሱ ጋር ናቸው። «ፊለ» (ብዙ)፣ «ቬኒገ» (ጥቂት)፣ «አይኒገ» (አንዳንድ)፣ «ሜረረ» (በርካታ) ደግሞ ራሳቸው እንደ ቅጽል ናቸው፤ ከኋላቸው የሚመጣው ቅጽል የእነሱኑ ጭራ ይደግማል፤ «ፊለ ጉተ ፍሮይንደ»፣ በጌኒቲቭ «ፊለር ጉተር ፍሮይንደ»። ሁለት ቅጽሎች ሲደረደሩም ሕጉ ይኸው ነው፤ እኩል ይለብሳሉ፤ «ሚት ጉተም አልተም ቫይን»። ቁጥሮች ምንም ምልክት ስለማይሸከሙ «ድራይ ጉተ ፍሮይንደ»፤ አርቲክል ሲጨመር «ዲ ድራይ ጉተን ፍሮይንደ»።

ጥያቄ፦ በጽሑፍ አስቤ እደርስበታለሁ። ስናገር ግን ጊዜ የለም። ምን ላድርግ?

ስሌቱን ከምላስ በፊት ይጨርሱት። ስም ሲያጠኑ «ዴር ቲሽ» ብለው አይጻፉ፤ «አይን ሩንደር ቲሽ»፣ «አይን አልተስ ሃውስ»፣ «አይነ ኖየ ላምፐ» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ሲሆን ጾታው ከቅጽሉ ጋር ተጣብቆ ይገባል፤ ከባዶው «አይን» ጾታን መለየት አይቻልም።

ከዚያ በዳቲቭ ይጀምሩ። አርቲክል እስካለ ድረስ በዳቲቭ ከ-ኧን ውጭ ቅጽል የለም፣ ስለዚህ አእምሮዎ የሚያስበው አርቲክሉን ብቻ ይሆናል። በየቀኑ አንድ መስተዋድድ ይያዙና (አውስ፣ ባይ፣ ሚት፣ ናኽ፣ ዛይት፣ ፎን፣ ትሱ) አንድን ስም በአራት መልኩ ጮክ ብለው ይበሉት፤ «ሚት ዴም አልተን ፍሮይንት፣ ሚት አይነም አልተን ፍሮይንት፣ ሚት ዴን አልተን ፍሮይንደን፣ ሚት አልተን ፍሮይንደን»። ቀጥለው የተባዕታይ አኩዛቲቭን ይውሰዱ፤ ዱርኽ፣ ፊር፣ ጌገን፣ ኦነ፣ ኡም። ሦስቱን የባዶ «አይን» ቦታዎች ከዚያ በኋላ ያስገቧቸው። ጌኒቲቭን ለመጨረሻ ይተዉት፤ በንግግር «ዳስ አውቶ ማይነስ ብሩደርስ» በማለት ፋንታ «ዳስ አውቶ ፎን ማይነም ብሩደር» ማለት የተለመደ ነው።

ሲናገሩ ጭራው ከጠፋብዎ አይቁሙ። -ኧን ብለው ይለፉ፤ ስሌቱ ለእርስዎ ያደላል። አርቲክሉ ላይ ግን አይገምቱ፤ አድማጩ ማን ማንን እንዳደረገ የሚለየው ከሱ ነው። «ዴን ሁንት ባይስት ዴር ማን» ቢሉ ነካሹ ሰውየው ነው፣ ውሻው ቀድሞ ቢጠራም።

ጥያቄ፦ «ዴር ዶይቸ»፣ «አይን ዶይቸር» ይላሉ። ጀርመናዊ ማለት የትኛው ነው?

ሁለቱም። ቃሉ ስም የሆነ ቅጽል ስለሆነ የቅጽል ጭራውን ይዞ ይዞራል፤ «ዴን ዶይቸን»፣ «ሚት አይነም ዶይቸን»። «ቤካንተ» (የሚያውቁት ሰው)፣ «ፌርቫንተ» (ዘመድ)፣ «ክራንከ» (በሽተኛ) እንደዚሁ ናቸው። «ኢታሊየነር» ግን ተራ ስም ነው፤ «ዴር ኢታሊየነር»፣ «አይን ኢታሊየነር»። «ኤትቫስ ኖየስ» (አዲስ ነገር) እና «ኒኽትስ ኖየስ» በ-ኧስ ሲሄዱ «አለስ ጉተ» (መልካሙን ሁሉ) ግን በ-ኧ ነው፤ «አለስ» ምልክቱን ስለያዘች። ሲጻፉ በትልቁ ፊደል መጀመራቸውን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ጭራ የማይወስድ ቅጽል አለ?

ከግስ በኋላ ብቻውን የመጣ ቅጽል አይወስድም፤ «ዴር ሁንት ኢስት ክላይን»። ከስም በፊት ሆነው የማይወስዱት «ሮዛ» እና «ሊላ» የሚሉት ቀለሞች፣ እንዲሁም ከከተማ ስም በ«-ኧር» የተሠሩት ናቸው፤ «ዲ ቤርሊነር ማወር» በዳቲቭም «ዴር ቤርሊነር ማወር» ነው። ጭራ እየወሰዱ ግንዳቸው የሚለወጥም አሉ፤ «ሆኽ» (ረጅም፣ ከፍ ያለ) «ኽ»ዋን ጥሎ «አይን ሆኧር ቤርግ» ይሆናል፤ «ዱንከል» (ጨለማ) መካከል ያለችውን «ኧ» ጥሎ «አይን ዱንክለር ቫልት»፤ «ቶየር» (ውድ) «አይን ቶይረስ አውቶ»።